ከፈረስ ኮርቻ እስከ ፖስታ ጥቅል፦ የአዋላጅ ነርስነት የርቀት ትምህርት አነሣሥ በኬንታኪ ተራሮች

አዋላጅ ነርስ የሚባለው ባለሙያ ሁለት ሙያዎችን አጣምሮ የያዘ ነው፤ በአንድ በኩል ሕሙማንን ለመንከባከብ ሠልጥኖ ፈቃድ ያገኘ ነርስ፣ በሌላ በኩል ነፍሰ ጡርን የሚከታተል፣ በምጥ ጊዜ ከወላዷ የማይለይ፣ የሚያዋልድ፣ እመጫቷንና ጨቅላውንም በአራስነት ወራት የሚጠብቅ አዋላጅ ነው። ይህ ጥምር ሙያ በዩናይትድ ስቴትስ ያለው ዕድሜ ከአንድ ምዕተ ዓመት ብዙም የማይዘል ሲሆን፣ ሥር የያዘውም በታላላቆቹ ከተሞች ሆስፒታሎች ብቻ ሳይሆን መንገድና ሐኪም ባልነበራቸው የምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ውስጥ ነው። ከዚሁ ሥፍራ ጋር የተቆራኘውና እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የርቀት ትምህርት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) ነርሶች ከሚኖሩበት ከተማ፣ ከትዳራቸውና ከሥራቸው ሳይነቀሉ አዋላጅ የሚሆኑበትን መንገድ ከፈተ። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የኮምፒዩተር ዘመን ልጅ ተደርጎ ይነገርለታል፤ ታሪኩን ከሥሩ ለሚከተል ሰው ግን መነሻ ሐሳቡ ከኮምፒዩተርም ከመኪና መንገድም በፊት፣ በፈረስ ኮርቻ ላይ የተጸነሰ መሆኑን ማየት አያዳግትም።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዩናይትድ ስቴትስ ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉን የሚቀበሉት አዋላጆች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ በትምህርት ቤት ያልተማሩ፣ ሙያውን ከእናት ወይም ከጎረቤት የወረሱ የልምድ አዋላጆች ነበሩ። በዚያው ዘመን የማኅፀንና የወሊድ ሕክምና ራሱን የቻለ የሐኪሞች ዘርፍ ሆኖ ለመታወቅ ይታገል ስለነበር፣ የዘርፉ መሪዎች አዋላጅን ያለፈው ዘመን ቅሪት፣ መውለድንም በመሣሪያና በመድኃኒት ሊመራ የሚገባው አደገኛ ሁኔታ አድርገው ማቅረብ ጀመሩ። በ1920 የቺካጎው ሐኪም ጆሴፍ ዲሊ ጤናማ ምጥ ላይ ላለች ሴት ሳይቀር ማደንዘዣ እንዲሰጥ፣ የብልት አፍ ጠርዝ እንዲቆረጥና ሕፃኑ ፎርሴፕስ በተባለው መቆንጠጫ መሰል መሣሪያ ተስቦ እንዲወጣ ያቀረቡት ሐሳብ የዚህ አመለካከት ጉልህ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ አዋላጅን ማራቅ ብቻውን እናቶችን አላዳነም፤ በ1920ዎቹ በአገሪቱ ከ10,000 ወሊዶች ከ60 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር፤ ይህም አዋላጆች በሕግ ታውቀው፣ ሠልጥነውና ቁጥጥር ተደርጎባቸው ከሚሠሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ የከፋ ነበር።

ሜሪ ብሬክንሪጅ ይህን ንጽጽር በዓይናቸው ያዩ ሴት ናቸው። በ1881 በሜምፊስ የተወለዱት ብሬክንሪጅ ከታወቀ የፖለቲካ ቤተሰብ የመጡ ሲሆኑ፣ አያታቸው ጆን ብሬክንሪጅ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ አባታቸው ደግሞ የምክር ቤት አባልና በኋላም በሩሲያ የአሜሪካ ዲፕሎማት ነበሩ። የመጀመሪያ ባላቸው በ1906 ከሞቱባቸው በኋላ በኒው ዮርክ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1910 ተመረቁ፤ ሁለተኛውን ትዳር ይዘው ከወለዷቸው ሁለት ልጆች ሴቲቱ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ በሰዓታት ውስጥ ስትሞት፣ ወንዱም በ1918 አራት ዓመት እንደ ሞላው አረፈ። ትዳሩ ከፈረሰና ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወደ ፈረንሣይ ሄደው በጦርነት በፈራረሱት ቀበሌዎች በሕፃናትና በእናቶች እንክብካቤ ሥራ ሲሰማሩ፣ የፈረንሣይን አዋላጆችና ሁለቱንም ሙያ የያዙትን የእንግሊዝ ነርሶች ሥራ ለመመልከት ቻሉ። ፈረንሣዊቷ አዋላጅ፣ ነርስ አልነበረችም፤ አሜሪካዊቷ ነርስ ደግሞ አዋላጅ አልነበረችም፤ ብሬክንሪጅ ለአገራቸው ገጠር የሚበጀው ሁለቱን በአንድ ሰው ማጣመር ነው ብለው ያመኑት ከዚህ በመነሣት ነበር።

በ1923 በጋ ብሬክንሪጅ በምሥራቅ ኬንታኪ በሌስሊ፣ በኖትና በኦውስሊ ካውንቲዎች (ካውንቲ ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር አካል ነው) በፈረስና በበቅሎ እየተዘዋወሩ 53 የልምድ አዋላጆችን አነጋገሩ። አዋላጆቹ አብዛኞቹ ስድሳ ዓመት ገደማ የሞላቸው፣ ከፊሎቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ በአካባቢው ደግሞ ፈቃድ ያለው ሐኪም ለማግኘት የቀን መንገድ መሄድ ግድ ይል ነበር። የመሬቱ አቀማመጥ ራሱ ለነገሩ መነሻ ነው፤ የአፓላቺያ ተራሮች በጠባብ ሸለቆዎች የተከፋፈሉ በመሆናቸው መንገድ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የወንዙ አልጋ ነበር፤ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ መንገዱም አብሮ ይጠፋል።

ብሬክንሪጅ ይህን ጥናት ከያዙ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በለንደን ዎልዊች በሚገኘው የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው የአዋላጅነት ፈቃድ ያዙ፤ በዚያው ዘመን በአሜሪካ ለነርሶች የተዘጋጀ ይህን የመሰለ ትምህርት እምብዛም ስላልነበረ አማራጭ አልነበራቸውም። ከሁሉ ይልቅ የቀረጻቸው ግን በ1924 ወደ ስኮትላንድ ደጋዎችና ደሴቶች ያደረጉት ጉዞ ይመስላል። በዚያ ከ1913 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የሕክምና አገልግሎት ነበር፤ መሠረታዊ ሐሳቡም ሕዝቡ ተበታትኖ በሚኖርበት ምድር በሽተኛውን ወደ አንድ ማእከል ከመሰብሰብ ይልቅ ነርሷን ሕዝቡ ባለበት ማስፈር፣ ማእከሉም ከኋላ ሆኖ እንዲደግፋት ማድረግ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል፤ ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ የተጀመረው የርቀት ትምህርት ይህንኑ ሐሳብ ከሕክምና ወደ ማስተማር አዛወረው እንጂ አዲስ አልፈጠረውም።

ግንቦት 28 ቀን 1925 በኬንታኪ ዋና ከተማ በፍራንክፈርት የእናቶችና የሕፃናት ኮሚቴ ተመሠረተ፤ ኮሚቴው በ1928 ስሙን ለውጦ ፍሮንቲየር ነርሲንግ ሰርቪስ፣ ማለትም የዳር አገር የነርሶች አገልግሎት ተባለ። ሥራው የተጀመረው በቆጠራ ነበር፤ በ1925 በጋ አንዲት ስኮትላንዳዊት ባለሙያ እየመራች በሌስሊ ካውንቲ የተወለዱትና የሞቱት ከቤት ቤት ተመዘገቡ፤ ምክንያቱም ያለ መነሻ ቁጥር የአገልግሎቱን ውጤት ማሳየት አይቻልም ነበር። ቀጥሎ ዌንዶቨር በተባለው ሥፍራ ከኬንታኪ ወንዝ ዳር ዋና መሥሪያ ቤቱ በግንድ ተሠራ፤ በካውንቲው መዲና በሃይደንም በ1928 አነስተኛ ሆስፒታል ተከፈተ፤ በምርቃቱም የስኮትላንዱን አገልግሎት ካቋቋሙት አንዱ የነበሩት ሰር ሌስሊ ማኬንዚ ከባሕር ማዶ መጥተው ተገኙ። በሆስፒታሉ ዙሪያ ስድስት የነርሶች ጣቢያዎች ተተክለው እያንዳንዱ አምስት ማይል፣ ማለትም ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን እንዲሸፍን ተደረገ፤ አገልግሎቱ በጠቅላላው ወደ 700 ካሬ ማይል የሚጠጋ ተራራማ ምድር አዳረሰ።

የአምስቱ ማይል ልክ በዘፈቀደ የተወሰነ አልነበረም። አንዲት ነርስ በማንኛውም የአየር ጠባይ፣ በማንኛውም የሌሊት ሰዓት፣ ምጥ ከመጣ በኋላ ተጠርታ ልትደርስ የምትችልበት ርቀት ተሰልቶ የወጣ ነው። ባል ወይም ወንድም ጣቢያው ደርሶ በር ካንኳኳ ነርሷ ወደ ወላዷ መሄዷ የማይቀር ነበር፤ ይህ የአገልግሎቱ ያልተሸራረፈ ደንብ ነበር። ነርሷ ሁለት ዓይነት የኮርቻ ከረጢት ነበራት፤ አንደኛው ለዕለት ጉብኝት፣ ሌላው ለወሊድ ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በዚህኛው ውስጥ ጓንት፣ የተቀቀለ ጨርቅ፣ የእትብት ማሰሪያና ለጨቅላው ዓይን የሚደረገው የብር ናይትሬት ጠብታ ይገኙ ነበር። ክፍያው ለአንድ ወሊድ አምስት ዶላር፣ ለቤተሰቡ አጠቃላይ የነርስ አገልግሎት ደግሞ በዓመት አንድ ዶላር ሲሆን፣ ገንዘብ የሌለው ሰው በጉልበት፣ በእንጨት፣ በፈረስ መኖ ወይም በእጅ በተሰፋ ድሪቶ መክፈል ይችል ነበር። ፈረሶቹን የሚንከባከቡና መልእክት የሚያደርሱ ከሀብታም ቤተሰብ የመጡ ወጣት ሴት በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ፤ እነዚህ ወጣቶች ወደየከተማቸው ሲመለሱ ለአገልግሎቱ ገንዘብ በማሰባሰብ ረገድ የነበራቸው ድርሻ ቀላል አልነበረም።

ውጤቱን የመረመረው የሜትሮፖሊታን ላይፍ የሕይወት ዋስትና ኩባንያ ነው። ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን 1,000 ወሊዶች ቀደም ብሎ የገመገመ ሲሆን፣ በ1958 ደግሞ ከ1925 ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ የተመዘገቡትን የመጀመሪያዎቹን 10,000 ወሊዶች አጣርቶ አወጣ። በአገልግሎቱ ክልል የሞቱት እናቶች በአማካይ ከ10,000 ወሊዶች 9.1 ሲሆኑ፣ በዚያው ዘመን የአገሪቱ አማካይ 34 ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የሚደንቁት ወላዶቹ ድሆች፣ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚወልዱ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል በብዙ ሰዓት መንገድ የራቁ ስለ ነበሩ ነው። ልዩነቱን ያመጣው መሣሪያ አልነበረም፤ ነርሷ ነፍሰ ጡሯን ወራት አስቀድማ የምታውቃት፣ አደጋ የሚያሰጋትን ለይታ ወደ ሃይደን የምታስተላልፍ፣ ምጡንም በትዕግሥት የምትጠብቅ መሆኗ ነበር።

ይህን ስኬት የሚያወድሱ ብዙ ጽሑፎች ሁለት ነገሮችን ዘለው ያልፋሉ፤ መዘለል ግን የለባቸውም። አንደኛው የልምድ አዋላጆቹ ጉዳይ ነው፤ ብሬክንሪጅ እነዚህን ሴቶች አክብረው ያነጋገሯቸው ቢሆንም፣ የነርሶቹ አገልግሎት የተገነባው እነርሱን በመተካት እንጂ ዕውቀታቸውን በማዳበር አልነበረም። ሁለተኛውና የከበደው የዘር መድልዎ ነው፤ አገልግሎቱ በብሬክንሪጅ ዘመን ጥቁር ነርሶችን አልቀጠረም፤ ይህንንም ከእርሳቸው የወረሰው ተቋም ራሱ በቅርብ ዓመታት በይፋ አምኗል። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች አብዛኞቹን ሕፃናት ይቀበሉ የነበሩት ግን ጥቁር አዋላጆች ነበሩ፤ ለጥቁር ነርሶች በ1941 በአላባማ ቱስኪጊ የተከፈተው የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤትም በ1946 ተዘጋ። ሙያው ለማን ክፍት ነው የሚለው ጥያቄ በኋላ የርቀት ትምህርቱ ለመመለስ ከሞከራቸው ጥያቄዎች ዋነኛው ስለሆነ፣ የመነሻውን ጥላ አብሮ መያዝ ለታሪኩ ታማኝ መሆን ነው።

አገልግሎቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጠቀምባቸው አዋላጆች ወይ እንግሊዛውያን ወይም ወደ እንግሊዝና ስኮትላንድ ተልከው የተማሩ አሜሪካውያን ነበሩ። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ከእንግሊዛውያኑ ብዙዎቹ አገራቸውን ለመርዳት ተመለሱ፤ አሜሪካውያኑንም ባሕር አሻግሮ መላክ የማይቻል ሆነ። በዚህ ምክንያት በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በሃይደን የፍሮንቲየር የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በአሜሪካ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በኒው ዮርክ የእናቶች ማእከል ማኅበር ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። የሃይደኑ ትምህርት ልዩ የሚያደርገው ተማሪዋ አብዛኛውን ነገር የምትማረው በክፍል ውስጥ ሳይሆን ከአስተማሪዋ ጋር ፈረስ ተጭኖላት ወደ ወላዷ ቤት በመሄድ፣ በጎጆው ምድጃ ዳር ምጡን አብራ በመጠበቅ መሆኑ ነበር። ብሬክንሪጅ በግንቦት 1965 እስካረፉ ድረስ ትምህርት ቤቱ በዚሁ መንገድ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር፤ በ1970ዎቹ ደግሞ የቤተሰብ ነርስ ሥልጠናን ጨመረ።

በእነዚያ ዓመታት ግን የአሜሪካ ወሊድ ቦታውን ለውጦ ነበር። በ1900 በሆስፒታል የሚወለደው ከመቶ አምስት የማይሞላ ሲሆን፣ በ1940 ከግማሽ በላይ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ብዙዎቹ እናቶች ስኮፖላሚንና ሞርፊን ተሰጥቷቸው በከፊል ሰመመን ይወልዱ ስለነበር ልጃቸውን እንዴት እንደ ወለዱ እንኳ አያስታውሱም ነበር። በ1951 ከሃይደን የተመረቁት ኪቲ ኧርንስት ለተራሮቹ ሴት ልጅ መውለድ ምን እንደሆነ ያዩት ከዚህ ዓይነቱ ሆስፒታል ነርስነት በኋላ ነው፤ በገዛ ቤቷ፣ በነቃ አእምሮ፣ በቤተሰቧ መካከል የወለደችን ሴት ማየታቸው የሕይወታቸውን አቅጣጫ እንደ ለወጠው ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ኧርንስት ቀጥሎ ባሉት አሥርት ዓመታት ከሆስፒታል ውጭ ያሉ አነስተኛ የማዋለጃ ቤቶችን የሚያስተባብረውን ብሔራዊ ማኅበር መሥርተው መሩ፤ ለርቀት ትምህርቱም ዋናዋ አባት ወይም፣ በትክክለኛው አነጋገር፣ እናት ሆኑ።

ከዚያ ወደ 1989 ከመሻገር በፊት የርቀት ትምህርት በነርስነት ሙያ ውስጥ ስለ ነበረው ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ስሙ ጥሩ አልነበረምና። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በጄምስታውን የሚገኘው የሻቶኳ የነርሶች ትምህርት ቤት ትምህርቱን በፖስታ እየላከ ሴቶችን በቤታቸው ነርስ እንደሚያደርግ በየመጽሔቱ ያስታውቅ ነበር። ባለሙያዎቹ ነርሶች አጥብቀው ተቃወሙት፤ በሽተኛ ሳይነካ የሚገኝ ነርስነት ነርስነት አይደለም የሚለው ክርክራቸውም ተገቢ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የትምህርት ቦርድ ያቋቋመው የውጭ ተማሪዎች የነርስ ዲግሪ ይህን ነቀፋ ለመመለስ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ተማሪው የትም ይማር፣ በመጨረሻ ግን በእውነተኛ በሽተኞች አጠገብ ቆሞ ብቃቱን በፈተና ያሳያል። ይህ መንገድ የፈተና ጣቢያ እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም። የአዋላጅ ነርስነት የርቀት ትምህርት የወሰደው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ንባቡን ወደ ተማሪው ላከ፣ የእጅ ሙያውን ግን እዚያው ተማሪው ባለበት፣ በሠልጣኝና በአሠልጣኝ ግንኙነት እንዲማር አደረገ።

ይህ መንገድ እንዲፈለግ ያደረገው የሙያው ጭንቀት ነበር። በ1980ዎቹ አዋላጅ ነርሶችን የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በትላልቅ ዩኒቨርሲቲ ከተሞች የተተከሉ፣ ተማሪዎቻቸውም በየዓመቱ ጥቂት ነበሩ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ ለማስተማር የራሱ መምህራን የሚሠሩበት ማዋለጃ ክፍልና በቂ ወሊድ ያስፈልገው ነበር። በ1985 ደግሞ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለአዋላጅ ነርሶች የሙያ ስሕተት ዋስትና መስጠት ሲያቆሙ ብዙ ሥራዎችና የሥልጠና ቦታዎች ተናጉ። በሃይደንም በተራሮቹ ያሉ ቤተሰቦች እየቀነሱ፣ ወላዶቹም እየወጡ ሲሄዱ ተማሪዎችን በዚያው ለማስተማር የሚያስፈልገው የወሊድ ቁጥር አነሰ። በሌላ በኩል በየገጠሩና በየትንሽ ከተማው ሆስፒታል ለዓመታት የሠሩ፣ አዋላጅ ለመሆን የሚሹ፣ ነገር ግን ልጆቻቸውን ትተው ለሁለት ዓመት ወደ ሩቅ ከተማ መሄድ የማይችሉ ነርሶች ነበሩ። ቢሄዱም ደግሞ ብዙዎቹ አይመለሱም ነበር፤ የገጠሩ ማኅበረሰብ ነርሱን ይልካል፣ ከተማው አዋላጁን ያስቀራል።

የኅብረተሰብ ተኮር የአዋላጅ ነርስነት ትምህርት ፕሮግራም የተባለው ሙከራ በ1989 የተጀመረው ከዚህ በመነሣት ነው። አራት ወገኖች ተባብረውበታል፤ የሃይደኑ ትምህርት ቤት፣ በኒው ዮርክ ያለው የእናቶች ማእከል ማኅበር፣ ኧርንስት የሚመሩት የማዋለጃ ቤቶች ብሔራዊ ማኅበር፣ እንዲሁም በክሊቭላንድ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የነርሶች ትምህርት ቤት። የእናቶች ማእከል ማኅበርን በዚያ ዘመን የሚመሩት ሩት ሉቢክ በ1975 በኒው ዮርክ ከሆስፒታል ውጭ የማዋለጃ ቤት ከፍተው ከሐኪሞች ማኅበራት ብርቱ ተቃውሞ የገጠማቸው በመሆኑ፣ የሁለቱ ሴቶች ተሞክሮ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ፕሮግራሙ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሆኖ፣ የሚፈልጉ ተማሪዎች በክሊቭላንዱ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪውን መቀጠል ይችሉ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩ በደረጃ የተከፈለ ነበር። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ወደ ሃይደን ይመጡ ነበር፤ በዚያ እርስ በርስ ይተዋወቁ፣ የአገልግሎቱን ታሪክ ይሰሙ፣ ብሬክንሪጅ የኖሩበትን ዌንዶቨርን ያዩ ነበር። ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመልሰው በፖስታ የሚደርሷቸውን ሞጁሎች፣ ማለትም እያንዳንዱ በአንድ ርዕስ ላይ ያተኮሩ የራስ ማስተማሪያ ጥራዞች፣ በራሳቸው ፍጥነት ያጠኑ፣ መምህራኑን በስልክ ያነጋግሩ፣ ፈተናቸውንም በአካባቢያቸው በታመነ ሰው ተጠባባቂነት ይወስዱ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ሃይደን ተጠርተው የእጅ ሙያውን በአሻንጉሊት ገላና እርስ በርሳቸው ይለማመዱ ነበር፤ ሆድን በእጅ መመርመር፣ የፅንሱን አቀማመጥና ልብ ምት መለየት፣ መስፋት፣ የደም መፍሰስን ማቆም፣ እስትንፋስ ላላወጣ ጨቅላ አየር መስጠት። በዚህ ቆይታ ብቁ ሆነው ያልታዩ ወደሚቀጥለው ደረጃ አያልፉም ነበር።

የሚቀጥለው ደረጃ ወላዶች ዘንድ የሚደረገው የተግባር ትምህርት ሲሆን፣ ከሁሉ የከበደውም እርሱ ነው። ተማሪዋ በምትኖርበት ወይም በምትቀርበው ከተማ ፈቃድ ያለው አዋላጅ ነርስ ታገኛለች፤ ይህ ሰው የተግባር አሠልጣኝ ይባላል፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ፕሪሴፕተር የሚሉት ነው። አሠልጣኙ ተማሪዋን በአጠገቡ አቁሞ መጀመሪያ እንድታይ፣ ቀጥሎ እጇን ከእጁ በታች እንድታደርግ፣ በመጨረሻም እርሱ ከኋላ ቆሞ እርሷ እንድታዋልድ ያደርጋል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በየአካባቢው የሾማቸው አስተባባሪዎች ሁለቱን እየጎበኙ ያረጋግጣሉ። በሃይደን ፈረስ ተጭኖላት ከአስተማሪዋ ጋር ትሄድ የነበረችው የ1940ዎቹ ተማሪ እዚህ በሌላ መልክ ተመልሳ ትታያለች። የተለወጠው የመንገዱ ርዝመት ነው፤ ትምህርት ቤቱ አሁን በመቶዎች በሚቆጠሩ ከተሞች የተበታተኑ አሠልጣኞችን በአንድ ደንብ ማሠራት ነበረበት።

ይህን ሲያደርግ ፕሮግራሙ ከሙያው ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ጭምር ጥርጣሬ ገጥሞታል። መምህሩ በየቀኑ የማያየውን ተማሪ እንዴት ብቁ ነው ሊል ይችላል የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ መልሱ ግን በሂደት የተሰጠ ይመስላል። ምሩቃኑ በአገር አቀፍ የአዋላጅ ነርሶች የብቃት ፈተና ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህም ፈተና በ1971 የተጀመረና ተማሪው ከየትም ይምጣ አንድ ዓይነት መለኪያ የሚሰጥ ነበር። በዚህ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ መታየት ይገባዋል፤ ፕሮግራሙ ተቀባይነት ያገኘው የተለየ ሚዛን በመጠየቅ ሳይሆን፣ ያለውን ሚዛን ሳይሸሽ በመቀበሉ ነው።

ኮምፒዩተሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎቹና መምህራኑ በስልክ መስመር ተገናኝተው መልእክት የሚለዋወጡበት የኮምፒዩተር ሰሌዳ ተዘጋጀ፤ በየገጠሩ ብቻዋን በሌሊት የምታጠና ነርስ ያለባትን ጥያቄ ለጓደኞቿ የምትወረውርበት ቦታ ሆነላት። ኋላም ሞጁሎቹ ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ተሻገሩ። ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የርቀት ትምህርቱ መጀመሪያ አይደለም፤ ፖስታውን ያፋጠነ መንገድ ነው፤ ሃይደን ላይ መገናኘቱና ከአሠልጣኝ ጋር መቆሙ ግን ሳይለወጥ ቀጠለ።

የተቋሙ የቅርብ ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። የዕውቅና ሰጪው አካል መስፈርት ከፍ እያለ ሲሄድ የምስክር ወረቀቱ ለማስተርስ ዲግሪ ቦታውን ለቀቀ፤ ከ2010 ጀምሮ አዲስ አዋላጅ ነርሶች ለብቃት ፈተና እንዲቀመጡ የድኅረ ምረቃ ዲግሪ የግድ ሆነ። በ2011 ትምህርት ቤቱ ፍሮንቲየር ነርሲንግ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰየመ፤ በዚያው ዓመት በብሬክንሪጅ ስም የተጠራው የሃይደን ሆስፒታል ለሌላ የጤና ድርጅት ተላልፎ ሁለቱ ተለያዩ። ዩኒቨርሲቲው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሃይደን ተነሥቶ በዚያው በኬንታኪ ወደ ቨርሴልስ ከተማ ተዛወረ፤ ለአውሮፕላንና ለመኪና የቀረበ ቦታ ነው፤ ሆኖም በተራሮቹ መካከል መገናኘትን የትምህርቱ ክፍል አድርገው የያዙ ምሩቃን ዝውውሩን በኀዘን መቀበላቸው አያስገርምም። ከ1989 ወዲህ በፕሮግራሙ የተመረቁት አዋላጅ ነርሶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ኪቲ ኧርንስት በ2021 እስካረፉ ድረስ አዳዲሶቹን ተማሪዎች ይቀበሉ ከነበሩት መካከል ነበሩ።

የርቀት ትምህርቱ የፈታው ችግር የቀደመውን መልክ ይዞ የተመለሰበት ሁኔታም አለ። በ2022 ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለው ድርጅት ባወጣው ዘገባ መሠረት ከአሜሪካ ካውንቲዎች 36 በመቶ ያህሉ የማዋለጃ ሆስፒታል፣ የማዋለጃ ቤትና የወሊድ ባለሙያ አንዱም የሌላቸው ናቸው፤ ብዙዎቹም ገጠር ናቸው፤ የየአካባቢው ትናንሽ ሆስፒታሎች የማዋለጃ ክፍላቸውን በወጪ ምክንያት መዝጋት ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ከነዚህ ካውንቲዎች በአንዱ የምትኖር ነርስ ንባቡን፣ መምህራኗንና ፈተናውን በቤቷ ታገኛለች፤ አጠገቧ የሚቆም አሠልጣኝና ምጥ የያዛት ሴት ለማግኘት ግን ልጆቿን ለዘመድ ትታ፣ ከሥራዋም ለወራት ርቃ፣ ክፍሉ ገና ወዳልተዘጋበት ሌላ ከተማ ትሄዳለች።